ደብዳቤ የጻፉ፣ ዲቪዲ የገዙ፣ ፍላሽ ያስሞሉ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ እኩለ ሌሊት ላይ ቴክስት ላከችልኝ። ምን ደርሶባት ይሆን ብዬ በድንጋጤ ስከፍተው፣ "እባክሽ የሚያስጨርስ ሲሪየስ ንገሪኝ፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል" ይላል። (እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ያላችሁ ታውቁታላችሁ!) እኔም ሳላመነታ "ዘ ዋየር" ብዬ ጻፍኩላት። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ፤ "እግዜር ይስጥሽ፣ እንቅልፉ መጣ። ሁለተኛውን ክፍል ሳልጨርስ ነው የተኛሁት።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄባት ነበር። ወጥ ሠርታ የተነቀፈች ሴት እንዴት እንደምትሆን ታውቁ የለ? የወደዳችሁትን ድራማ "ይደብራል" ሲሏችሁም ልክ እንደዚያው ነው። ንዴቴ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጓደኛዬ መልስ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ያኔ ከሰጡት መልስ ብዙም አይለይም። "ዘ ዋየር" ከ2002 እስከ 2008 ሲተላለፍ የተመልካቹ ቁጥር አነስተኛ ነበር። ከኤሚ ሽልማትም አንድ እንኳ አላገኘም። በ2021 ግን ቢቢሲ ከብዙ አገሮች የተውጣጡ የፊልምና የቴሌቪዥን ባለሙያዎችን "የ21ኛውን ክፍለ ዘመን ምርጥ ተከታታይ ድራማ ምረጡ" ሲላቸው አንደኛ የወጣው ይኸው ድራማ ነው።

በመካከል ምን ተፈጠረ? ድራማው እንደሆነ አልተለወጠም። ያኔም 60 ክፍል ነው፣ ዛሬም 60 ክፍል ነው። የተፈጠረው ነገር አንዱ ሌላውን "እባክህ ትንሽ ታገስና እየው" ማለቱ ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት የዚህችን "እየው" የምትባል ምክር ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ጭልፋና ድስት

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ለረጅም ጊዜ ለተመልካቹ ነፃ ነበር። የሚከፍለው ሳሙናና መኪና የሚያስተዋውቀው ነጋዴ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ነጋዴው ነው ማለት ነው። እኛ ሶፋ ላይ የተቀመጥነው ምንድን ነን? ዕቃው ነና! ጣቢያው የሚሸጠው የእኛን ዓይን ነው።

ዕቃ ደግሞ ሳይቆጠር አይሸጥም። ቆጣሪው ኒልሰን የተባለው ኩባንያ ሆነ። ኩባንያው በ1940ዎቹ የሬዲዮ አድማጮችን፣ ከ1950 ጀምሮ ደግሞ የቴሌቪዥን ተመልካቾችን መለካት ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። በተመረጡ ቤቶች መሣሪያ ይገጠማል፣ መሣሪያው የትኛው ጣቢያ እንደተከፈተ ይመዘግባል፣ ከዚያ ተነስቶ የመላው አገር ቁጥር ይሰላል። ወጥ ለመቅመስ ድስቱን ሙሉ መብላት አያስፈልግም፣ አንድ ጭልፋ ይበቃል እንደማለት ነው።

ችግሩ፣ ጭልፋው ውስጥ ያልገባ ሰው የለም። ቤታችሁ መሣሪያው ካልተገጠመ ድራማውን ብትወዱት፣ ብታለቅሱበት፣ ለልጃችሁ ስሙን ብታወጡለት ከቁጥር አትገቡም። ቀጥሎ የምነግራችሁ ታሪክ በሙሉ ከቁጥር ያልገቡ ሰዎች "እኛም አለን" ያሉበት ታሪክ ነው።

ፖስታ ቤቱን ያጨናነቁት

"ስታር ትሬክ" በኤንቢሲ ጣቢያ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ጀመረ። የኒልሰን ቁጥሩ ደካማ ነበር። በሁለተኛው ዓመት "ሊዘጋ ነው" የሚል ወሬ ሲናፈስ ቢጆ ትሪምብል የተባለች የድራማው አፍቃሪ ከባለቤቷ ከጆን ጋር ሆና ሰው ለጣቢያው ደብዳቤ እንዲጽፍ መቀስቀስ ጀመረች። ኢሜይል የለ፣ ፌስቡክ የለ። አንዱ ለአሥር ሰው ይነግራል፣ አሥሩ ደግሞ ለሌላ አሥር። ጃንዋሪ 1968 ላይ የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ኤንቢሲ ደጃፍ ድረስ ሄዱ። ለድራማ ሰልፍ! ለጣቢያው የደረሰው ደብዳቤ ከ100 ሺህ በላይ እንደነበር ይነገራል። ማርች 1 ቀን 1968 ጣቢያው በአየር ላይ "ድራማው ይቀጥላል" ብሎ ለሕዝብ አስታወቀ። ልብ በሉ፣ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ የተለመደ አልነበረም።

ድል ነው? ግማሽ ድል ነው። ኤንቢሲ ድራማውን ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ወሸቀው። ወጣቱ ሁሉ ከቤት በሚወጣበት ሰዓት ማለት ነው። በጀቱም ተቀነሰ። በ1969 79 ክፍል ላይ ተዘጋ። ደብዳቤ ጣቢያውን ያሳፍራል እንጂ ማስታወቂያ አስነጋሪውን አያስከፍልም። ፍቅሩ ነበረ፣ ደረሰኙ አልነበረም።

ግን ደብዳቤዎቹ የገዙት አንድ ዓመት ከንቱ አልቀረም። በሦስት ዓመት የተጠራቀሙት ክፍሎች ለትናንሽ የከተማ ጣቢያዎች ተሸጡ፣ እነሱም ደጋግመው አሳዩት። አዲስ ትውልድ አየው። በ1979 ሲኒማ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ የስንት ፊልምና የስንት ድራማ አባት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ሐያሲም አንዳንዴ ይጠቅማል

ጋዜጠኝነት ተምሬ ይህቺን ሳልናገር ባልፍ ዲግሪዬ ያዝንብኛል። ጃንዋሪ 1981 "ሂል ስትሪት ብሉዝ" የተባለ የፖሊስ ድራማ ጀመረ። ብዙ ባለታሪኮች፣ እርስ በርስ የሚጠላለፉ ታሪኮች፣ በአንድ ክፍል የማያልቅ ጉዳይ ነበረው። ዛሬ ሁሉም ሲሪየስ እንዲህ ነው፤ ያኔ ግን ለማታው ቴሌቪዥን አዲስ ነገር ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ከ96 ፕሮግራሞች 87ኛ ሆነ። በተለመደው ሕግ ቀብሩ ደርሶ ነበር።

የጋዜጣ ሐያሲያን ግን አልተዉትም፤ "እዩት፣ እዩት" እያሉ ጻፉለት። ጣቢያውም ቀጠለው። በዚያው ዓመት 8 የኤሚ ሽልማት ወሰደና ለዓመታት ኖረ። እዚህ ላይ ምክሩ ከደብዳቤው ይልቅ ክብደት ያገኘው ለምን ይመስላችኋል? ጋዜጣ የሚያነበውን ሰው ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹ ይፈልጉት ስለነበር ነው። አያችሁ፣ ዞሮ ዞሮ ጥያቄው ያው ነው። ማን ይቆጠራል?

እናቴና "የቀን ቅኝት"

ደብዳቤ ስል የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ አገርም በድራማ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ተጽፏል።

"የቀን ቅኝት"ን የሚያስታውስ አለ? በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከጁን 2002 እስከ ኖቬምበር 2004 በ257 ክፍል የተላለፈ ድራማ ነው። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለ ድርጅት ነበር። ዘዴው የመጣው ከሜክሲኮ ነው። ሚጌል ሳቢዶ የተባለ የቴሌቪዥን ሰው በ1975 "ቬን ኮንሚጎ" በተባለ ድራማ ጎልማሶች ፊደል እንዲቆጥሩ አድርጎ ነበር። ስብከት የለም፣ ሰሌዳ የለም። ተመልካቹ የሚወደው ባለታሪክ ቀስ በቀስ ይለወጣል፣ ተመልካቹም አብሮት ይለወጣል። የእኛው ድራማም ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በዚሁ መንገድ ይተርክ ነበር።

እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ የማስታውሰው ድራማውን ሳይሆን እናቴን ነው። ሬዲዮኑ ሲከፈት ቤቱ ጸጥ ይላል። በማግስቱ ደግሞ ክፍሉ ያመለጣቸው ጎረቤታችን እትዬ ለቡና ሲመጡ እናቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትተርክላቸዋለች። ድምፁን ሁሉ ትቀይራለች! "ታዲያ አሁን ምን ሊሆን ነው?" ሲሏት፣ "እሱን ራስዎ ይስሙት፤ እኔ አላበላሽብዎትም" ትላለች። እስከ ዛሬ እንደ እናቴ ድራማ የሚመክር ሰው አላየሁም። ያመለጣቸውን ትነግራቸዋለች፣ የሚጠብቁትን አትነካባቸውም።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ያንን ድራማ የሚያዘጋጁት ሰዎች ከሳሙና ሻጭ ገንዘብ አይጠብቁም ነበር። ማወቅ የሚፈልጉት ሰው መስማቱንና መለወጡን ነው። ስለዚህ ከአድማጭ የመጣው ደብዳቤ ለእነሱ ዋና ማስረጃ ነበር። በፖስታ ሣጥን የገባ የአንዲት ገበሬ ሚስት ቃል ከቁጥር ይገባል። በዚያ መለኪያ ብናየው የአዲስ አበባው አድማጭ ከሎስ አንጀለሱ የ"ስታር ትሬክ" አፍቃሪ የተሻለ ተቆጥሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደረሰኝ ያለው ፍቅር

ወደ 2000ዎቹ ስንመጣ ዲቪዲ ገባ። ዲቪዲ ማለት ምን ማለት ነው? የተመልካች ፍቅር ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሰኝ አገኘ ማለት ነው።

"ፋሚሊ ጋይ" የተባለው ካርቱን በ2002 ተዘጋ። በዓመቱ ዲቪዲው ሲወጣ ግን እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ። ፎክስ ጣቢያም ራሱ የዘጋውን ድራማ በሜይ 2005 መልሶ ከፈተው። 100 ሺህ ደብዳቤ በቅጡ ያላደረገውን የዲቪዲ ሽያጭ አደረገው።

"ዘ ዋየር"ም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ያሳየው ኤችቢኦ ነው፤ ኤችቢኦ ደግሞ የሚኖረው በየወሩ ከሚከፍለው ደንበኛ እንጂ ከማስታወቂያ አልነበረም። ስለዚህ የአንድ ማታ ቁጥር አላስደነገጠውም። ጸሐፊው ዴቪድ ሳይመን ለዓመታት "ባልቲሞር ሰን" ጋዜጣ ላይ የወንጀል ዘጋቢ ነበር። አብሮት የሠራው ኤድ በርንስ ደግሞ መጀመሪያ የፖሊስ መርማሪ፣ በኋላ አስተማሪ ነበር። አምስቱ ሲዝኖች አንዲቷን ከተማ ባልቲሞርን በአምስት በር ያስገቡናል፦ በመንገድ ዳር የአደንዛዥ ዕፅ ገበያ፣ በወደቡ፣ በከንቲባው ቢሮ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በመጨረሻም በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል። አምስተኛው ሲዝን ላይ ስደርስ የመመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነበር፤ ሽልማት ፈልጎ ዜና የሚፈጥረውን ዘጋቢ ሳይ በሌሊት ተነስቼ የራሴን ቃለ መጠይቆች እንደገና ከቅጂው ጋር አመሳክሬአለሁ። ድራማ ሰውን እንዲህ የሚያደርገው ከሆነ እንዴት ዝም ብዬ ለሰው አልመክርም?

የእኛ ሐያሲ፣ ባለ ፍላሹ

እኔ ግን ዲቪዲውን አልገዛሁም። "ዘ ዋየር"ን ያገኘሁት ከታላቅ ወንድሜ ሀርድ ዲስክ ነው። እሱ ደግሞ ከፊልም ቤት።

የፊልም ቤቱን ባለቤት የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። አንድ ኮምፒውተር፣ ግድግዳ ሙሉ ፖስተር፣ ደጁ ላይ ወረፋ። "24" እና "ፕሪዝን ብሬክ" ወደ ሰፈር የገቡት በእሱ በኩል ነው። ወንድሜ እንደሚለው ሰውየው ደንበኛውን አይቶ ነው የሚመክር። "አንተ ተኩስ ትወዳለህ፣ ይሄን ውሰድ። አንተ ግን ታስባለህ፣ ይሄን ሞክር፤ እስከ አራተኛው ክፍል ካልያዘህ መልሰህ ና፣ በነፃ ሌላ እሞላልሃለሁ።" ከዚህ የበለጠ ሐያሲ ከየት ይመጣል? በቃሉ ዋስትና ይሰጣል!

ዳሩ ግን ያ ሁሉ ምክር፣ ያ ሁሉ ፍቅር የትም አልተመዘገበም። ባልቲሞር ያለው ጸሐፊ አዲስ አበባ ውስጥ በሥራው ሌሊቱን ያነጋች ተማሪ እንዳለች አላወቀም፤ ሳንቲምም አልደረሰውም። እርግጥ ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረንም። በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይምጣ? ሰበብ ለመደርደር አይደለም፤ ታሪኩ እንደዚህ ነው ለማለት ነው። እኛ ከጭልፋው ብቻ ሳይሆን ከድስቱም ውጭ ነበርን።

ሁሉንም የሚቆጥረው

ከዚያ ስትሪሚንግ መጣ። ኔትፍሊክስ በ1997 ሲመሠረት ዲቪዲ በፖስታ የሚያከራይ ነበር፤ በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በ2007 ነው። ምክር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ቀድሞ የገባው ይህ ኩባንያ ይመስለኛል። በ2006 "የደንበኞቼን ምርጫ ከእኔ ስሌት በ10 በመቶ አሻሽሎ ለሚገምትልኝ 1 ሚሊዮን ዶላር" ብሎ ውድድር አወጀ፤ በ2009 አሸናፊ ቡድን ተገኘና ሸለመ። እናቴ በቡና የምትሠራውን ሥራ ማሽን እንዲሠራው ማለት ነው።

ያመጣውን ጥቅም አልክድም። "ብሬኪንግ ባድ" በ2008 ኤኤምሲ ላይ ሲጀምር 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበር ያየው። ቆይቶ ኔትፍሊክስ ላይ ያለፉትን ሲዝኖች ሰው እየተነጋገረ አያቸው፤ ሴፕቴምበር 2013 የመጨረሻውን ክፍል ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመለከተው። ፈጣሪው ቪንስ ጊሊጋን ራሱ በኤሚ ምሽት ለዚህ ኔትፍሊክስን አመስግኗል። የስፔኑ "ላ ካሳ ዴ ፓፔል"ም በ2017 በአገሩ ጣቢያ ጥሩ ጀምሮ ተመልካቹ እየሸሸው ነበር ያለቀው፤ ኔትፍሊክስ ወስዶ ለዓለም ሲያሳየው በ2018 ዓለም አቀፉን ኤሚ አገኘ።

ሁሉን መቁጠር ግን ሁሉን ማወቅ አይደለም። ማሽኑ ጀምራችሁ መተዋችሁን ያውቃል፤ ለምን እንደተዋችሁ አያውቅም። ጓደኛዬ "ዘ ዋየር"ን ሁለተኛው ክፍል ላይ ስትተወው ማሽኑ "አልወደደችም" ብሎ መዝግቦ አልፏል። እኔ ግን ያን ሳምንት አባቷ ታመው እንደነበር አውቃለሁ። ለዚያም ነበር እንቅልፍ ያጣችው። አሁን ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ድራማውን ነው ያሰብኩት እንጂ እሷን አላሰብኩም።

ደግሞ ቆጣሪ ሁሌም ቆጣሪ ነው፣ ይዘጋል። ከባለታሪኮቹ አንዱ የናይሮቢ ማታቱ ሹፌር የሆነበት "ሴንስ ኤይት" በጁን 2017 ሲዘጋ አፍቃሪዎቹ እንደ ድሮዎቹ ተነሱ። ኔትፍሊክስም አንድ ረጅም የመዝጊያ ክፍል ሠርቶ በጁን 2018 አወጣላቸው። ከቢጆ ትሪምብል 50 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፖስታው ብቻ ነው የተለወጠው።

አሁን ተራው የእኛ ነው

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት "ሰው ለሰው" ሲታይ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያልረገመ ነበር? ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወሬው እሱ ነበር። ያን ሁሉ ወሬ ግን እኛ ሰፈር መጥቶ የመዘገበ ሰው ትዝ አይለኝም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የእኛ ድራማ ሠሪዎች ሥራቸውን ዩቲዩብ ላይ ይጭናሉ። ስንት ሰው እንዳየው ከሥሩ ተጽፎ ይታያል። አዲስ አበባ ያለው፣ ዋሽንግተን ያለው፣ ቴል አቪቭ ያለው፣ ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራዋ እህታችን፣ ሁሉም እኩል አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ "እየው" ያልነው ሰው ሲያይ ቁጥሩ በሠሪው ስም ይመዘገባል።

እኛስ ምን እያደረግን ነው? ልናዘዝ። ባለፈው ወር አንድ የአገራችንን ድራማ ሰባት ክፍል በአንድ ቅዳሜ ጨረስኩ። ያየሁት ከሠሪዎቹ ገጽ አይደለም፤ አንድ ሰው አውርዶ፣ የራሱን ስም ለጥፎበት ከሚያሰራጭበት ቻናል ነው። ለአምስት ሰው መከርኩ፣ የላክሁላቸውም ያንኑ ሊንክ ነው። ስድስት ሰው ወደደው፣ ለሠሪዎቹ የተቆጠረላቸው ዜሮ። የወንድሜ ትውልድ ሌላ መንገድ አልነበረውም። እኔ ግን ነበረኝ፤ አንድ ጣት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ስለዚህ ከታሪኩ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ስትመክሩ እንደ እናቴ ሁኑ፣ መጨረሻውን አትንኩ። እንደ ባለ ፍላሹ ሁኑ፣ ሰውየውን አይታችሁ ምረጡለት፣ እስከ ስንተኛው ክፍል እንደሚታገስም ንገሩት። ("ዘ ዋየር" አራት ነው። ትዕግሥት ለሌለው፣ አምስት ክፍል ብቻ ያለውን የ2019ኙን "ቼርኖቢል" ስጡት።) ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ ቢጆ ትሪምብል ሁኑ፤ ፍቅራችሁ የሠራው ሰው ደጅ ድረስ ይድረስ።

ለአምስቱም ሰዎች ትናንት ትክክለኛውን ሊንክ ልኬአለሁ። ለጓደኛዬም ሌላ ቴክስት ጻፍኩላት። ስለ ድራማ አይደለም፤ "አባባ እንዴት ናቸው?" ብዬ ነው። "ደህና ናቸው፣ ከሆስፒታል ወጡ። አሁን ያንን የፖሊሶችሽን ነገር ከመጀመሪያው ልሞክረው" አለችኝ።

እስቲ እናንተስ፣ ሰሞኑን ምን እያያችሁ ነው? መጨረሻውን ግን እንዳትነግሩኝ!

ቸር እንሰንብት።